ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ምኒልክ (የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም፤ ከሚያዝያ 22 ቀን 1868 እስከ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም.) ከመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ኢትዮጵያን በንግሥተ ነገሥታትነት የመሩ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ልጅ ናቸው። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ታሪክ በራሳቸው ስም ዘውድ ጭነው የነገሡ ብቸኛ ሴት እርሳቸው ናቸው። አባታቸው አልጋውን የተናዘዙት ግን ለእርሳቸው ሳይሆን ለእኅታቸው ልጅ ለልጅ ኢያሱ ነበር። ዘውዲቱ ወደ ዙፋኑ የመጡት ኢያሱ ከተሻሩ በኋላ ነው፤ ውርሱም ሲደርሳቸው ተከፋፍሎ ነበር። ዘውዱ ለእርሳቸው፣ አልጋ ወራሽነቱና የመንግሥቱ ሥራ ለራስ ተፈሪ መኮንን፣ ጦሩ ደግሞ በአመዛኙ በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እጅ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትውልድና ልጅነት

ዘውዲቱ ሲወለዱ አባታቸው ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ አብቺው ከወሎ መኳንንት ወገን ሲሆኑ ከምኒልክ ጋር የነበራቸው ኑሮ ብዙ ሳይቆይ ስለፈረሰ ሕፃኗ በአባታቸው ቤት፣ በዚያን ጊዜ የምኒልክ ባለቤት በነበሩት በወይዘሮ ባፈና ዘንድ አደጉ። ምኒልክ በ1875 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ብጡልን አገቡ። ከጣይቱ ልጅ አልወለዱም፤ ዘውዲቱ ግን ከእንጀራ እናታቸው ጋር ተስማምተው እንደኖሩ ይነገራል።

ምኒልክ ልጆቼ ብለው የተቀበሏቸው ሦስት ነበሩ። ወንዱ፣ አስፋ ወሰን፣ በሕፃንነቱ ሞተ። የቀሩት ዘውዲቱና እኅታቸው ሸዋረጋ ናቸው። ሸዋረጋ የወሎውን ራስ (በኋላ ንጉሥ) ሚካኤልን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። ሸዋረጋ ከአባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ምኒልክ ሲታመሙ በሕይወት የነበረችው ብቸኛ ልጃቸው ዘውዲቱ ነበሩ።

ጋብቻዎች

በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጅ ጋብቻ የመንግሥት ስምምነት ማሰሪያ ነበር። በ1874 ዓ.ም. ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ከተዋጉ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጣልቃ ገብተው ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክም ጋር አዲስ ስምምነት አደረጉ። የስምምነቱ አንዱ ክፍል ዘውዲቱ የዮሐንስን ልጅና ወራሽ ራስ አርአያ ሥላሴን እንዲያገቡ ነበር። ሙሽራዪቱ ገና ልጅ ነበሩ። ጋብቻው ልጅ ሳይወለድበት አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሞቱ። በዚያን ጊዜ ምኒልክና ዮሐንስ ወደ ጦርነት ሊገቡ ተቃርበው ነበር፤ ሆኖም ዮሐንስ ምራታቸውን ብዙ የቀንድ ከብት ሰጥተው በክብር ወደ ሸዋ እንደ መለሷቸው ተጽፏል። በአባትና በአማት ጠብ መካከል ያለ ሰው ከሁለቱም ወገን ተወድዶ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህ የዘውዲቱ ጠባይ በኋላም በንግሥናቸው ዘመን ይታያል።

ከዚያ በኋላ ሁለት አጫጭር ጋብቻዎች ፈጽመው በመጨረሻ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ይህ ጋብቻ የምኒልክን ቤት ከጣይቱ የሰሜን ዘመዶች ጋር ያስተሳሰረ ነበር። ዘውዲቱ ጉግሣን ይወዷቸው እንደነበር ብዙዎች ይስማማሉ። ከጋብቻዎቻቸው ሁሉ አድጎ ወራሽ የሚሆን ልጅ አልተረፋቸውም።

ርስት፣ ጉልትና አልጋ

የዘውዲቱን ነገር ለመረዳት በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ ምን ትወርስ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የርስት ሥርዓት መሬት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል ዘር ተቆጥሮ ነው። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ የአባቷንም የእናቷንም ርስት ትካፈላለች፤ ብታገባም ርስቷ የራሷ እንጂ የባሏ አይሆንም። በእንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም የመያዝ ሙሉ መብት ያገኘችው በ1882 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ሴት በዚህ ነገር ቀድማ ነበር ማለት ይቻላል።

ጉልት ከርስት ይለያል። ጉልት መሬቱን ሳይሆን ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላት መብት ነው፤ ንጉሥ ለአገልግሎት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጠዋል። ወይዛዝርትም ጉልት ይዘው ያውቃሉ፤ የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያናቸው ያስመደቡት ሰፊ መሬት የታወቀ ምሳሌ ነው። ሹመት ግን፣ በተለይም ጦር ማዝመት ያለበት ሹመት፣ የወንድ ነበር። አልጋውም እንዲሁ። ሴት ልጅ ልትነግሥ አትችልም የሚል የተጻፈ ሕግ ባይኖርም ሲሠራበት የቆየው በወንድ መስመር ነው። ሴቶች መንግሥት የያዙት ብዙ ጊዜ በልጅ ወይም በልጅ ልጅ ስም ነው። ከሐድያ ገዢ ቤት የመጡት እቴጌ እሌኒ አፄ ልብነ ድንግል ሕፃን ሳሉ መንግሥቱን መርተዋል። ምንትዋብም በ1723 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሥ አብረው ዘውድ ጭነው ለብዙ ዓመታት ገዝተዋል። እሌኒም ሆነ ምንትዋብ አባታቸው ንጉሠ ነገሥት አልነበረም። ከንጉሠ ነገሥት አባት ለሴት ልጅ ያለፈ አልጋ ስላልነበረ ዘውዲቱ የሚጠቀስ ምሳሌ አልነበራቸውም ማለት ነው።

በሌላ አገር የሴት ወራሽ ጉዳይ በዳኛ ፊት የተወሰነበት ጊዜ አለ። ስኮትላንዳዊቷ ኤልሳቤጥ ሰዘርላንድ በ1766 እ.ኤ.አ. ወላጆቿ ሲሞቱ ገና የአንድ ዓመት ልጅ ነበረች። የወንድ ዘመዶቿ «ማዕረጉ ለሴት አይተላለፍም» ብለው ቢከራከሩም የእንግሊዝ መኳንንት ምክር ቤት በ1771 እ.ኤ.አ. የሰዘርላንድን ማዕረግ ለእርሷ ፈረደላት። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ክርክር የሚሰማ ችሎት አልነበረም። የምኒልክን ውርስ የወሰኑት ኑዛዜው፣ የመኳንንቱ ጉባኤና በመጨረሻም የሰገሌ ሜዳ ናቸው።

የምኒልክ ኑዛዜና ልጅ ኢያሱ

ምኒልክ ሕመም ሲጠናባቸው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን ወራሽ፣ ራስ (ኋላ ራስ ቢትወደድ) ተሰማ ናደውን ሞግዚት አድርገው አስታወቁ። ኢያሱ በዕድሜ ልጅ ቢሆኑም ወንድ ነበሩ፤ የአባታቸው የራስ ሚካኤል የወሎ ጦርም ከበስተጀርባቸው ነበር። ዘውዲቱ በዚህ ኑዛዜ ታልፈዋል። ይህን በመቃወም ድምፃቸውን እንዳሰሙ የሚገልጽ ማስረጃ የለም።

ተሰማ በ1903 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ደግሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሞቱ። የንጉሠ ነገሥቱ ሞት ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። ኢያሱ አክስታቸውን እንደ ተቀናቃኝ ስለቆጠሯቸው ዘውዲቱና ባለቤታቸው ከቤተ መንግሥት ርቀው በገጠር እንዲቀመጡ ተደረገ። ኢያሱ የአያታቸውን ባለሟሎች ችላ ማለታቸው፣ ከአዲስ አበባ ውጭ መክረማቸውና ከሙስሊም መኳንንት ጋር መወዳጀታቸው በሸዋ ሹማምንት ዘንድ ቅሬታ ፈጠረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ መልእክተኞችም ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን እንዳያዘነብሉ ይሰጉ ነበር።

በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ መኳንንቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል በሚል ክስ ሻሯቸው፤ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። በዚያው ዕለት ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ ደግሞ በራስ ማዕረግ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘምተው ወደ ሸዋ ቢገሠግሡም ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ድል ሆነው ተማረኩ። ሰገሌ በአንድ ቀን ከብዙ ሺሕ በላይ ሰው ካለቀባቸው የዘመኑ ጦርነቶች አንዱ ነው፤ የዘውዲቱ ዙፋን የተረጋገጠውም በዚያ ቀን እንጂ በጉባኤው ቀን አይደለም።

ዘውድና ሥልጣን

ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጫኑ። ዘውዱ ግን ዋጋ ነበረው። መኳንንቱ ራስ ጉግሣ ወሌ ከንግሥቲቱ ጋር በቤተ መንግሥት ቢቀመጡ የጣይቱ ወገን ሥልጣኑን በእጁ ያስገባል ብለው ስለፈሩ ባልና ሚስቱ እንዲለያዩ ተደረገ። ጉግሣ የቤጌምድር ገዢ ሆነው ወደ ሰሜን ሄዱ። የአንድ ወንድ ወራሽ ሚስት ከባሏ እንድትለይ ተጠይቆ አያውቅም፤ ሴት ወራሽ ግን ባሏ ገዢ እንዳይሆን ተብሎ ትዳሯን ታስረክባለች። እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው በእንጦጦ ተገልለው ከኖሩ በኋላ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑ ልክ በዓመቱ፣ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው የመንግሥት አሠራር ለውጭ ሰው ግራ የሚያጋባ ነበር። ንግሥቲቱ በምኒልክ ግቢ ተቀምጠው ግብር ያበላሉ፣ ችሎት ያስችላሉ፣ ማዕረግ ይሰጣሉ፤ አዋጅም በስማቸው ይነገራል። አልጋ ወራሹ በራሳቸው ግቢ ሆነው የውጭ አገር መልእክተኞችን ያነጋግራሉ፣ አዳዲስ መሥሪያ ቤቶችን ያደራጃሉ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ብዙ ጦርና መሬት ይዘው በሁለቱ መካከል ሚዛን ሆነው ቆሙ። በ1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ወታደሮች አድመው ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ሲጠይቁ ጥያቄያቸው ተፈጸመ፤ ከሹም ሽሩ የተረፉት ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው።

ዘውዲቱ በጸሎትና በጾም የሚታወቁ ሰው ነበሩ። ስለዚህም ታሪክ ጸሐፊዎች «ወግ አጥባቂዋ ንግሥት» እና «ተራማጁ አልጋ ወራሽ» እያሉ ሁለቱን በተቃራኒ ጎን ማቆም ያዘወትራሉ። ይህ አከፋፈል እውነት ቢኖረውም ነገሩን ይበልጥ ያቀለዋል። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር የገባችው፣ በዚያው ዓመት የባሪያ ንግድን የሚያግድ አዋጅ የወጣው፣ በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም የጀመረውና የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የተከፈተው በዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ነው። የሥራው ቀዳሚ ተፈሪ መሆናቸው አያከራክርም፤ ንግሥቲቱ ግን በስማቸው የሚሠራውን ሊያግዱ ይችሉ ነበርና ብዙውን ጊዜ አላገዱም። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዷቸው የአፄ ቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱን የመለሱትም በዚህ ዘመን፣ ለንግሥት ዘውዲቱ ነው። የተመለሰው በወርቅ የተለበጠ የብር ዘውድ ነበር፤ የወርቁ እዚያው ለንደን ቀረ።

ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዘው በፍቼ በራስ ካሣ ኃይሉ ጥበቃ ሥር ሲታሰሩ አክስታቸው ወደ ራሳቸው ግቢ ሊያመጧቸው ፈልገው ነበር ይባላል። ተፈሪና ሀብተ ጊዮርጊስ አልፈቀዱም። ንግሥቲቱ በዚያም ቢሆን እስረኛው በድሎት እንዲያዙ አድርገዋል ተብሎ ይነገራል።

የሚዛኑ መፍረስ

በ1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በተከታታይ ሞቱ። በዘመኑ ልማድ የሹም ጦርና ጉልት ሹሙ ሲሞት ወደ መንግሥት ይመለሳል፤ መንግሥት ማን ነው የሚለው ጥያቄ የተነሣውም እዚህ ላይ ነው። የሀብተ ጊዮርጊስ ጦርና ግዛት በአመዛኙ በተፈሪ እጅ ገባ። ንግሥቲቱን ከአልጋ ወራሹ ጋር ያመዛዝን የነበረው ሦስተኛው ክንድ በዚህ ጠፋ።

የምኒልክን ቤት እንጠብቃለን የሚሉ ሹማምንት የተነሡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዢ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ብዙ ሠራዊት አስከትለው በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች በስተደቡብ ካለው ግዛታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በቤተ መንግሥት ግብር ተደርጎላቸው ሲበሉና ሲጠጡ፣ በንፋስ ስልክ የሰፈረው ጦራቸው በገንዘብ ተደልሎ ተበተነ። ባልቻ ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ የሚያዝዙት ሰው አላገኙም። በዚያው ዓመት ሌላው የዘውዲቱ ደጋፊ አባ ውቃው ብሩ በምኒልክ መቃብር ቤት መሽገው ነበር፤ እርሳቸውም እጃቸውን ሰጡ። የተፈሪ ወገን በተራው ለአልጋ ወራሹ ንጉሥነት ጠየቀ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ዘውዲቱ ለተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ ጫኑላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ከተማ ንግሥተ ነገሥታትና ንጉሥ አብረው ተቀመጡ፤ የሚያዝዘውም ንጉሡ ሆነ።

አንቺምና የንግሥቲቱ ሞት

በቤጌምድር ያሉት ራስ ጉግሣ ወሌ ይህን አልተቀበሉም። ከሚስታቸው ከተለያዩ 13 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ያመፁትም በንግሥቲቱ ስም ነው። ዘውዲቱ ግን እንዳያምፁ እንደ መከሯቸው ይነገራል። የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የመንግሥቱን ጦር መርተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ ገጠሟቸው። ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላን በጉግሣ ጦር ላይ ውግዘት የያዙ ወረቀቶችን በተነ፤ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። በኢትዮጵያ ምድር አውሮፕላን በጦርነት ላይ ሲውል የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ጉግሣ በውጊያው ሞቱ።

በሁለት ቀን ልዩነት፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ53 ዓመታቸው በአዲስ አበባ አረፉ። የሁለቱ ሞት መገጣጠም ብዙ ወሬ አስነሥቷል። አንዳንዱ መርዝ ይላል፤ አንዳንዱ የባላቸውን ሞት ሲሰሙ ደንግጠው ሞቱ ይላል። ንግሥቲቱ የስኳር ሕመምተኛ እንደነበሩና በትኩሳት ታምመው እንደከረሙ በዚያን ጊዜ በከተማው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ሲሆን ጾማቸውንም አላቋረጡም፤ ለፈውስ ተብሎ በቀዝቃዛ ጠበል መነከራቸውም ይነገራል። ለተዳከመ ሰው ይህ ሁሉ ተደራርቦ ሲመጣ ሌላ ምክንያት መፈለግ የሚያስፈልግ አይመስልም።

ንጉሥ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወገን በሆነው በኃይለ ሥላሴ ቤት እንዲጸና ደነገገ። ስለዚህ የምኒልክ ልጆች መስመር ከአልጋው በሕግም ወጣ።

የተዉት

ዘውዲቱ ለሚወልዱት የሚያወርሱት አልነበራቸውም። በራሳቸው ፈቃድ ያሠሩትና እስከ ዛሬ የቆመው ዋናው ሥራቸው በአዲስ አበባ በምኒልክ ግቢ አጠገብ የሚገኘው የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ያሠሩት ለአባታቸው መቃብር እንዲሆን ነው፤ ሞታቸው ለዓመታት ተደብቆ የነበረው ምኒልክ በክብር ያረፉትም እዚያ ነው። ጣይቱም እዚያው ናቸው። ከጉልላቱ ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ከአባታቸው መቃብር ጎን፣ የዘውዲቱ መቃብር ይገኛል። በከተማዋ ውስጥ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም በስማቸው ይጠራል።